ሽበትና የጓዳ ቀለም

በአገራችን ሽበት ክብር ያለው ነገር ነው። የተጣላ ሲታረቅ፣ ድንበር ሲካለል፣ ልጃገረድ ለትዳር ስትጠየቅ፣ ከፊት የሚቀመጠው ጠጕሩ የነጣ ሰው ነው። ገና ከደጅ ሲታይ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ነገር ሲጀምርም ሌላው ዝም ይላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ሽበቱ በሌላ ሰው ራስ ላይ ሲሆን ነው እንጂ፥ በሠላሳ ዓመታችን አንድ ቀን ጧት ከመስተዋት ፊት ቆመን ከጆሯችን በላይ አንድ ነጭ ጠጕር ብናገኝ፥ ክብር መጣልን ብለን ደስ የሚለን ስንቶቻችን ነን? ነቅለን እንጥለዋለን። ከሳምንት በኋላ ሌላ እናገኛለን። ከዚያም «አንድ ሲነቅሉ ሁለት ይበቅላል» የሚለውን ወሬ እንሰማና መንቀሉን ትተን ወደ ቀለሙ እንሄዳለን።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን የአንድ ወዳጃችን ነገር ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዕድሜ ከእኛ ጥቂት ይቀድማል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የሚሠራ፥ ሥራውን የሚያውቅና ከሰው ጋራ ተግባቢ የሆነ ሰው ነው። ገና በሃያ ስድስት ዓመቱ ከግራና ከቀኝ ጆሮው በላይ መሸበት ጀመረ። አባቱም እንዲሁ በወጣትነታቸው የሸበቱ ስለሆኑ በመጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠረውም ነበር። ኋላ ግን አንድ ቀን ጧት ወደ ሥራ ሲሄድ የታክሲው ረዳት «አባት፥ እስቲ ጠጋ ይበሉ» አለው። ጠጋ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላም አላገኘም። በዚያው ወር ደመወዝ እንደ ተቀበለ የመጀመሪያውን ፓኬት ቀለም ገዛ።

በቅርቡ ደግሞ ትዳር ለመያዝ ቈረጠና ሦስት ሽማግሌዎች መርጦ ወደ ልጅቷ አባት ላከ። ሽማግሌዎቹን እኛም እናውቃቸዋለን። የሦስቱም ራስ እንደ ጥጥ የነጣ ነው፤ የተመረጡትም አንድም ስለዚሁ ነው። የልጅቷ አባት በደንብ ተቀብለው ካነጋገሯቸው በኋላ «መልካም፤ የፊታችን እሑድ ልጁን ይዛችሁት ኑና እንየው» አሉ። ወዳጃችን ይህን እንደ ሰማ ሐሙስ ማታ ቀለሙን ገዝቶ እኛን ጠራን። የፊቱን ራሱ ይቀባል፤ የማጅራቱን ግን ሌላ ሰው ካልቀባለት አይሆንለትም። እነዚያ በሽበታቸው ተከብረው ሲሄዱለት፥ እርሱ ሽበቱን ሊደብቅ መታጠቢያ ቤት መግባቱ ያን ጊዜ በጣም አሳቀን። ቅዳሜ ጧት ግን አላሳቀንም።

ወደ ቅዳሜው ከመድረሳችን በፊት፥ ሽበት ራሱ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ብንናገር ይሻላል።

ጠጕር ቀለሙን የሚያገኘው ከሥሩ ነው። በእያንዳንዱ ጠጕር ሥር ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ፤ ጠጕሩም ሲያድግ ይህን ቀለም እየተቀበለ ይወጣል። እነዚህ ሠራተኛ ሕዋሳት ሲደክሙ የሚተኳቸው ሌሎች እናት ሕዋሳት ናቸው። እናቶቹ ያለቁ ወይም ሥራቸውን ያቆሙ እንደ ሆነ ጠጕሩ ያለ ቀለም ይበቅላል። ስለዚህ ሽበት ማለት ነጭ ቀለም የመጣበት ጠጕር ሳይሆን ቀለም የቀረበት ጠጕር ነው። ግራጫ መስሎ የሚታየንም ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሎ ከሩቅ ስናየው ነው።

ጊዜውን የሚወስነው ከሁሉ ይልቅ ዘር ነው። በአፍሪካውያን ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከአርባ ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የመጣውን ሐኪሞች ያለጊዜው የመጣ ሽበት ይሉታል። በዚህ ዕድሜ ለሸበተ ሰው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሕመም እንዳለበት መመርመር አይከፋም። ሲጋራ ማጨስም ከዚሁ ጋራ ተያይዞ ተገኝቷል። እናቶቻችን «ሐሳብ አሸበተው» የሚሉትን ነገር በተመለከተ፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ በጭንቀት ጊዜ ከነርቭ የሚወጣው ኖርኤፒነፍሪን የተባለ ንጥረ ነገር እነዚያን እናት ሕዋሳት ያለ ልክ አነቃቅቶ እንደሚጨርሳቸው አሳይተዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም እናቶቻችን እንዲያው ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም ማለት ነው። አንድ ሲነቅሉ ሁለት ይበቅላል የሚለው ግን ሐሰት ነው። የአንዱ መነቀል ጎረቤቱን አያሸብተውም፤ ደጋግሞ መንቀል ሥሩን ቢጎዳ ነው።

ሽበትን መሸፈን አዲስ ነገር አይደለም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፥ በሐረርና በድሬዳዋ፥ ጢማቸውን በሂና ያቀለሙ አረጋውያን ማየት የተለመደ ነው። ሂና ከአንድ ቍጥቋጦ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፥ ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ በውሃ ይለወሳል፤ ሎሶን የተባለው ቀለሙም ከጠጕሩ ጋራ ይጣበቃል። ነገር ግን ንጹሕ ሂና አያጠቍርም፤ ነጩን ጠጕር ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ይወስደዋል። በሕንድ አገር ማጥቈር የሚፈልጉ ሰዎች በላዩ የኢንዲጎ ቅጠል ይደግሙበታል። በከተማችን ደግሞ ቡና ወይም ሻይ አወፍረው አፍልተው ራሳቸውን የሚያለቀልቁበት አሉ። ለጊዜው ጥቂት ያጠቍራል፤ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ጉዳቱ ለትራስ ልብስ ብቻ ነው።

የዛሬው የፓኬት ቀለም ግን የኬሚስቶች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዩጂን ሹለር የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው በፓሪስ የጠጕር ቀለም ቀምሞ ለጠጕር ሠራተኞች ይሸጥ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ያቋቋመው ኩባንያም ዛሬ ሎሬያል የሚባለው ነው። በአሜሪካ ደግሞ ክሌሮል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 የቀድሞውን ቀለም ማንጣትና አዲሱን ማስገባት በአንድ ጊዜ የሚፈጽም ቀለም አወጣ። ከዚያ ወዲህ ማቅለም የጠጕር ቤት ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረና ወደየሰው ጓዳ ገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠጕር በላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። በፓኬቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ወይም ተመሳሳዩ ይህን ቅርፊት ከፈት ያደርገዋል። ቀለሙ ገና ቀለም ሳይሆን፥ ጥቃቅን ሆኖ በዚያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ የተባለው ሁለተኛው ፈሳሽ ጥቃቅኑን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ ተያይዞ ሲተልቅና ሲጠቍር በገባበት ቀዳዳ መውጣት ያቅተዋል። በሳሙና የማይለቀውም ስለዚህ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው ደግሞ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ስለ ተደባለቀበት ውሃ ብቻ ይጠብቃል።

ከጥቃቅኖቹ ዋነኛው ፓራ-ፌኒሊንዲያሚን ይባላል፤ ስሙ ስለ ረዘመ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን ስም እንዲይዙት እንለምናለን። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ የሚያደርጉት አብዛኞቹ ቋሚ ቀለሞች እርሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ አለባቸው። ለብዙ ሰው ምንም አያደርግም። ለአንዳንዱ ሰው ቆዳ ግን ጠላት ነው፤ ጠላትነቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ ይችላል። ቆዳው አንድ ጊዜ ይተዋወቀዋል፤ በሁለተኛው ያጕረመርማል፤ በሦስተኛው ወይም በአሥረኛው ይነሣበታል። «እኔ ዓመት ሙሉ ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው ስለዚህ ነው የሚያሳስበን። የአውሮፓ ኅብረት በጠጕር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፒፒዲ ከተደባለቀ በኋላ ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ቀደም ባለው ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1933 ገደማ፥ በአሜሪካ ይህን የመሰለ ቀለም ለሽፋሽፍት ማጥቈሪያ ተሸጦ ሴቶችን አሳውሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውን የአገሪቱን የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬም ቢሆን የጠጕር ቀለም ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አይደለም።

ስለ ካንሰር የሚጠይቁን አሉ። ባጭሩ፥ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ዕለት ዕለት ቀለም የሚነኩትን የጠጕር ሠራተኞች በሚያሠጋው ወገን መድቧቸዋል፤ በቤቱ ለሚቀባው ሰው ግን ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 117,200 ሴቶችን 36 ዓመት ያህል ተከታትሎ፥ ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ጋራ ግንኙነት አላገኘም። በእኛ ግምት የቀለም ተጠቃሚ በቅድሚያ ሊፈራው የሚገባ ሩቅ ያለውን ሳይሆን የነገውን እብጠት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሽበቱን ለመሸፈን የቈረጠ ሰው በእኛ ስብከት አይመለስምና። ደግሞም መሸፈኑ ነውር ነው አንልም። ጫማ መጥረግ፥ ጢም መላጨት ነውር ካልሆነ ይህም አይሆንም።

በመጀመሪያ የቀለሙ መልክ ነው። እኛ አገር ሰው «ጠጕሬ ጥቁር ነው» ብሎ ከሁሉ የጠቈረውን ይገዛል። ነገር ግን የተፈጥሮ ጥቁር እንደ ከሰል አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቡናማነት ይታይበታል። የፓኬቱ ድፍን ጥቁር ግንባርን ዞሮ ሲያርፍ ቆብ የደፉ ያስመስላል። በየስብሰባው ከፊት ረድፍ የሚቀመጡ፥ ራሳቸው አዲስ እንደ ተጠረገ ጫማ የሚያብለጨልጭ ታላላቅ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። ጥቁር ቡናማ የሚባለው ይሻላል። ያነሰውን በሚቀጥለው ጊዜ መጨመር ይቻላል፤ የጠቈረውን መልሶ ማንጣት ግን የቤት ሥራ አይደለም። የተቀላቀለ ሽበት ያለው ሰው ደግሞ በጥቂት እጥበት የሚለቀውን ጊዜያዊ ቀለም ቢመርጥ፥ ነጩ ጨርሶ ሳይጠፋ ለስለስ ይልለታል፤ ሲለቅም መስመር አያወጣም።

ከዚያ መዘጋጀት ነው። አሮጌ ሸሚዝ ይለበሳል፤ በግንባር፣ በጆሮና በማጅራት ዙሪያ ቆዳው እንዳይጠቍር ቫዝሊን ይቀባል፤ በእጅ ጓንት ይጠለቃል። ሳህኑ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ይሁን፤ ብረት ከፔሮክሳይድ ጋራ አይስማማም። የራስ ቆዳ የተቧጨረ ወይም የቈሰለ እንደ ሆነ ቀኑን ማስተላለፍ ይገባል። ጠጕራቸውን በክሬም የሚያለሰልሱ እኅቶቻችን ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን እንዳይሠሩት፤ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ልዩነት ያስፈልጋል። የተደባለቀው ቀለም የተረፈ እንደ ሆነ ይደፋል እንጂ ተከድኖ ለሚቀጥለው ወር አይቀመጥም፤ አየር እየፈጠረ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያልተደባለቀውም ቢሆን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ወደ አፍ ቢገባ የሚገድል መርዝ ነውና።

ሲቀቡ ሽበቱ ከበዛበት ቦታ ይጀመራል፤ ነጭ ጠጕር ቀለም በቶሎ የሚቀበል አይደለምና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ይህም ቢሆን ፓኬቱ ካዘዘው ደቂቃ ማሳለፍ ቆዳን ማቃጠል ነው እንጂ ጠጕርን ማሳመር አይደለም። የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በለብታ መታጠብ ነው። በደህና የተቀባ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ነገር ያያል። ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፥ የእኛው ጥቅልል ጠጕር ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀነስ ባለ መጠን ያድጋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም እንደ ገና ይቀባዋል። መቀባት ያለበት አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ነው፤ ጫፉ በየወሩ ከተደገመበት ይደርቃል፥ ይሰባበራል። ወንዶች ግን ጠጕራቸውን ባጭሩ ቢቈረጡ ነገሩ ሁሉ ይቀልላቸዋል፤ ሽበቱም ባጭር ጠጕር ላይ ብዙ አይታይም።

እዚህ ድረስ የተናገርነውን ሁሉ ሐሙስ ማታ እኛና ወዳጃችን በደንብ ፈጽመነዋል። ቫዝሊኑም ጓንቱም ነበር፤ ሰዓትም ይዘናል። ያልፈጸምነው አንዱን ብቻ ነው። በፓኬቱ ጀርባ ላይ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፥ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፥ ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን ከጆሮ ኋላ ወይም ከክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብቶ መጠበቅ እንደሚገባ ተጽፏል። ወዳጃችን የአርባ ገጽ የሒሳብ መመሪያ አንብቦ ስሕተት የሚያወጣ ሰው ነው። እኛም ብንሆን ዲግሪ ይዘናል። ሁለታችንም አላነበብነውም። ሐሙስ ማታ ለሚቀባና እሑድ ለሚታይ ሰው 48 ሰዓት ከየት ይመጣል?

ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረን ሌላ ነው። ማጅራቱን ስንቀባ «ያለፈው ጊዜ ጆሮዬን አሳከከኝ፤ ሁለት ቀን ቈይቶ ለቀቀኝ» ብሎን ነበር። እኛም «ያጋጥማል» አልነው።

ዓርብ ምንም አልነበረም። መሥሪያ ቤት ሄዶ ዋለ፤ አማረብህም ተባለ። ማታ ራሱን አሳከከው። ቅዳሜ ጧት ስልክ ደወለና «ዓይኔ አልከፈት አለ» አለን። ስንደርስ የዓይኑ ቆቦች እንደ ንብ የነደፈው አብጠዋል፤ ግንባሩ ተነፍቷል፤ ከጆሮው ኋላ ውሃ የቋጠረ ቍስል ወጥቷል። ደግነቱ መተንፈስ አላቃተውም። ጕሮሮው አብጦ ወይም ትንፋሹ አጥሮ ቢሆን ኖሮ ጊዜ የማይሰጥ ነገር እንደ ሆነ ሐኪሙ ኋላ ነግረውናል።

ሐኪሙ ብዙ አልተቈጡም፤ የለመዱት ነገር ይመስላል። የሚዋጥና የሚቀባ መድኃኒት አዘዙለት፤ ጠጕሩን ደጋግሞ በብዙ ውሃ እንዲታጠብ ነገሩት። ከዚያም ወዳጃችን በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ ቀለም እንዳይነካ፥ ወደ ጥርስ ሐኪምም ሆነ ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄድ ለፒፒዲ አለርጂክ መሆኑን እንዲናገር አዘዙት፤ አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች የዚህ ነገር ዘመዶች ናቸውና። በመጨረሻም እኛን ዞር ብለው አይተው፥ በሠርግና በበዓል ጊዜ በእጅና በእግር ላይ የሚሣለው «ጥቁር ሂና» የሚባለው ንጹሕ ሂና ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይኸው ፒፒዲ የተጨመረበት እንደ ሆነ ነገሩን። በእርሱ ያሳከካት ሴት ወደ ጠጕር ቀለም መቅረብ የለባትም። ይህን ለእኅቶቻችሁ ንገሩ።

እሑድ ወዳጃችን አልሄደም። ዓይኑ ከፈት ብሏል፤ ፊቱ ግን ለአማትነት የሚታይ ፊት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን እንዲሄዱና «ታሟል» እንዲሉ ተስማማን። ከሦስቱ አንዱ ግን ሐሰት መናገር የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የልጅቷ አባት «ምን አገኘው?» ብለው በጠየቋቸው ጊዜ ነገሩን እንዳለ ዘረገፉት፤ ሽበቱን፥ ቀለሙን፥ እብጠቱን ሁሉ።

ሲመለሱ የነገሩን ይህ ነው። ሰውዬው ጥቂት ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ሊቈጡ ነው ብለው ጠበቁ። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ላክ አድርገው «ከማበጡ በፊት ጆሮውን ያሳክከው ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። አዎን ተባሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ልብ ብለው ሲያዩ፥ የስድሳ ዓመት ሰው ራስ እንደዚያ ድፍን ጥቁር ሆኖ፥ ከግንባራቸው በላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር አለበት። የቤቱ እመቤት ቡና መቅዳታቸውን ተዉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡም አንዲት ግማሽ የጎደለች የዱቄት ቀለም ዕቃ ይዘው መጥተው ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጧት፤ «ለልጁ የሚቀጥለው እሑድ ይመቸዋል ወይ?» ብለውም ጠየቁ።